ለሳይክል ቦታ ይተውልን፣ ቁጠባ ቁጠባ ከምትሉን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኑሮ ውድነት የምታወጧቸውን ጽሁፎች ሁሌም አነባለሁ፣ ባለቤቴም ያነባል፣ እንደውም ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ላይ እንከራከርባቸዋለን። ግን እውነቱን ለመናገር አንድ ነገር ሁሌ ቅር ይለኛል። የጤፉ ዋጋ ይጻፋል፣ የዘይቱ ይጻፋል፣ የቤት ኪራዩ ይጻፋል፣ ከዛ መጨረሻ ላይ አንድ ባለሙያ ይመጣና "ህብረተሰቡ የቁጠባ ባህሉን ማዳበር ይኖርበታል" ብሎ ይዘጋዋል። ከምኑ ላይ ነው የሚቆጥበው የሚለውን የሚነግረን የለም። የደሞዝተኛ ገንዘብ እኮ ገና እጁ ሳይገባ ለሱቁ፣ ለኪራዩ፣ ለትምህርት ቤቱ ተመድቦ ያለቀ ነው፣ እንዲህ ላለ ሰው "ቆጥብ" ማለት ብቻውን ምን ይሰራለታል?

እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ጠባሴ ሰፈር። መስሪያ ቤት ነው የምሰራው፣ ባለቤቴ አስተማሪ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ እናቴም አብራን አለች። በኛ ቤት ወር ሲያልቅ ትንሽም ቢሆን መትረፍ የጀመረው እኔ በሳይክል ስራ መሄድ ከጀመርኩ ወዲህ ነው። ይሄንን ለሰው ሳወራ ብዙው "ጎበዝ" ይለኝና በዛው ያልፋል፣ የኔ ጉብዝና ተደርጎ ነው የሚታየው፣ እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ላይ ጉብዝና የሚባል ነገር መፈለግ የለበትም ባይ ነኝ። አንድ ሰው ገንዘብ እንዲተርፈው ከተማው፣ መስሪያ ቤቱና ጎረቤቱ ሊያመቻቹለት ይገባል። ይሄን ደብዳቤ አሁን የምጽፈውም በየከተማው መንገድ እየፈረሰ እየተሰራ ባለበት ሰዓት የሳይክሉ ነገር ካልተነሳ፣ አስፋልቱና የእግረኛው መንገድ ካለቀ በኋላ እንደገና ቁረጡልን ብንል ማን ይሰማናል ብዬ ነው፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንስራው። ለባጃጅ ደርሶ መልስ በቀን 40 ብር የሚያወጣ ሰው እንውሰድ፣ ከዛ በላይ የሚያወጣም ሞልቷል፣ ሁለት ጊዜ የሚቀያይር አለ፣ ሲመሽበት ኮንትራት የሚይዝ አለ፣ ግን 40 እንበል። በወር 22 የስራ ቀን ብናደርገው 880 ብር ይመጣል፣ በዓመት 10,560 ብር። ባልና ሚስት ሁለቱም እንዲህ ከሆኑ እጥፍ ነው፣ ከ21,000 ብር በላይ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ባንኩን እንይ። በጥቅምት 2010 ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር፣ በዛው በ7 በመቶ ብናሰላው ያንኑ 10,560 ብር ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ ያስቀመጠ ሰው የሚያገኘው ወደ 740 ብር ነው። በ2014 ላይ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ደግሞ ሁላችንም አንረሳውም። ባንክ ማስቀመጥ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም፣ እኔም ደብተር አለኝ፣ ለክፉ ቀን የግድ ነው። ግን ለደሞዝተኛ ትልቁ ትርፍ ወለዱ ውስጥ አይገኝም፣ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ከኪስ የምትወጣው ብር ላይ ነው ያለው። እሷን ማስቀረት ከተቻለ ባንክም ይገባል፣ እቁብም ይጣላል።

ለባጃጆቹ ክፉ እያሰብኩ እንዳይመስላችሁ። ቤንዚን በ2017 ሊትሩ ከ100 ብር አልፎ፣ መለዋወጫው በየጊዜው እየጨመረ፣ ሹፌሩም እንደኔው ቤት የሚጠብቁት ልጆች አሉት፣ ዋጋ ቢጨምር ምን ይፈረድበታል። ዝናብ ሲሆን፣ እናቴን ሐኪም ቤት ስወስድ፣ ጤፍ ስናስፈጭ እኔም ባጃጅ ነው የምይዘው። ጥያቄው ለሁሉም መንገድ፣ ለአጭሩም ለረጅሙም፣ ለጤነኛውም ለታመመውም፣ ሌላ አማራጭ ጠፍቶ ሁሉም ሰው እዛ ወረፋ ላይ መቆም አለበት ወይ ነው።

ሳይክሉን የገዛሁት በእቁብ ነው። የመስሪያ ቤታችን እቁብ ትንሽ ናት፣ ሴቶቹ ነን የምንበዛው፣ እጣው ሲደርሰኝ ሁሉም ምን ልትገዢበት ነው ብለው ከበቡኝ። አንዷ ሶፋሽን ቀይሪበት አለችኝ፣ አንዷ ለልጆቹ ልብስ አለች፣ ሳይክል ስላቸው ለልጅሽ ነው አይደል አሉኝ፣ ለራሴ ነው ስል ዝም ተባለ። የገዛሁት ያገለገለ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ነገር ከተለወጠ ወዲህ የአዲሱ ዋጋ ሌላ ሆኗል፣ ያገለገለው ግን ጠይቀው ካፈላለጉት ይገኛል፣ እንደውም በየሰዉ ግቢ ጎማው ተንፍሶ፣ ዶሮ እየሰፈረበት ጥግ ላይ የቆመው ብዙ ነው። ያንን ሳይ ያናድደኛል፣ ብረቱ ደህና ነው እኮ፣ ጎማና ፍሬን ብቻ ነው የሚፈልገው።

እና እዚህ ጋ ስለ አንድ ሰው ማውራት አለብኝ፣ ስማቸውን አልጽፍም፣ ሰፈራችን መታጠፊያው ላይ ጎማ የሚጠግኑ አባት አሉ። ሙያቸውን ቁሞ ያየ ሰው ስለ ብክነት ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም። ጎማዬ ሲተነፍስ በጠፍጣፋ ብረት ፈልቀቅ አድርገው የውስጡን ያወጡታል፣ ይነፉትና ሳፋ ውሃ ውስጥ ዙሪያውን እያሽከረከሩ ይነክሩታል፣ አረፋ የምታወጣውን ቦታ ሲያገኙ በጥፍራቸው ይዘው በኮፒያ እርሳስ ምልክት ያደርጉባታል፣ ያደርቋታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጓታል፣ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ሳንቲም የምታክል ክብ ቆርጠው ሁለቱንም ማስቲሽ ይቀቡና ወዲያው አይለጥፉም፣ ይጠብቃሉ፣ እኔ ስራ ረፍዶብኝ ስቁነጠነጥ "ልጄ ማስቲሹ ሳይጠወልግ ከለጠፍነው ነገም ትመጫለሽ" ይሉኛል። የሚለጥፉት ቁራጭ ሌላ ቦታ ቢሆን ቆሻሻ የሚባል ነው። አልቆ የማይጠገነው የውስጥ ጎማ ደግሞ አይጣልም፣ በቀጭኑ ይቆረጥና እቃ ማሰሪያ ይሆናል፣ እኔም ዘንቢሌን ከኋላ የማስረው በሱ ነው። የመኪናው ጎማ በረባሶ ሆኖ ስንቱን ገበሬ እንዳሳለፈ እኛ አገር የማያውቅ የለም።

ቀሚስ ነው የምለብሰው፣ ሱሪ ለመስሪያ ቤት ስለማይመቸኝ፣ ቀሚሴ ሰንሰለቱ ውስጥ እየገባ ግራሶ ሲለቀልቀኝ እኚሁ አባት አንድ የተሰበረ ቢጫ ጄሪካን አምጥተው በመጋዝ ጎኑን ቆረጡት፣ በሳት በጋለ ምስማር አራት ቦታ በስተው በሽቦ ሰንሰለቱ ላይ አሰሩልኝ። እስከ ዛሬ እሱው ነው ያለው። ሌላ ቦታ በገንዘብ የሚሸጥ እቃ ነው፣ እኛ ከተሰበረ ጄሪካን አገኘነው።

ስለ ሴትነቱ ትንሽ ልበል። መጀመሪያ ሰሞን ልጆች ይከተሉኝ ነበር፣ ትልልቅ ሰዎችም ቆም ብለው ያያሉ፣ አንዳንዱ ከባጃጅ ውስጥ ሆኖ የማይሆን ነገር ይናገራል። አሁን ለምደውኛል፣ ጉልት የሚሸጡት እናቶች ሳልፍ "እታለም ቀስ በይ፣ አስፋልቱ ላይ ጠጠር አለ" ይሉኛል። ነገሩ ግን ለኔ ብቻ እንዲለመድ አልፈልግም። ጠዋት ጎህ ሲቀድ ወደ ፋብሪካዎቹና ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በእግራቸው የሚሄዱትን ሴት ልጆች ያየ ሰው ይገባዋል፣ ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው፣ በዛ ውርጭ። በእግር በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ቢኬድ ነው፣ ሳይክል ሳይጣደፍ አስራ አምስት ይሄዳል። አንድ ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ሃያ ደቂቃ ሆነ ማለት ነው፣ ለነዛ ልጆች ደግሞ ጠዋት አርባ ደቂቃ እንቅልፍ ቀላል ነገር አይደለም። ደሞዛቸውም ለባጃጅ ተብሎ የሚቆረስ አይደለም።

ደብረ ብርሃን ለሳይክል የምትመች ከተማ ናት ብዬ አምናለሁ። ሳይክል ሲባል ሁሉም የሚጠራው ባህር ዳርን ነው፣ ሐዋሳን ነው፣ እውነት ነው እዛ ልማድ ሆኗል፣ ግን እኛም ሜዳ ላይ ነው ያለነው፣ ወደ ጣርማበር በር ሳይደረስ ገደልም ዳገትም የለብንም። ብርዱ ነው የሚነሳብኝ ሁሌ፣ "በዚህ ብርድ!" ይሉኛል። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፣ ብርዱ ይታወቃል፣ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ጠዋት ሳሩ ላይ ነጭ ውርጭ ይተኛል፣ እጅ ይቆረጥማል። መፍትሄው ጓንት ነው፣ ወፍራም የሱፍ ጓንት፣ ከዛ አምስት ደቂቃ ፔዳል ከተመታ ገላ ይሞቃል፣ ባጃጅ ጠብቆ መንገድ ዳር መቆም ይበልጥ ይበርዳል። ከብርዱ ይልቅ እኔን የሚያስቸግረኝ የከሰዓቱ ንፋስ ነው፣ ፊት ለፊት ሲመጣ አንዳንዴ ወርጄ እገፋለሁ። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው አለ፣ ሐምሌና ነሐሴ ብዙውን ጊዜ ሳይክሉን ቤት አስቀምጠዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ካልሆነ አይረባም የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እኔ አልስማማም፣ አስር ወርም ቢሆን አስር ወር ነው።

እውነተኛው ችግር መኪናው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው ዋና አስፋልት ከተማችንን መሃል ለመሃል ነው የሚሰነጥቃት። ሲኖትራኩ፣ ተሳቢው፣ አይሱዙው፣ የሩቅ አገር አውቶብሱ ሁሉ በኛ ሰፈር ደጃፍ ነው የሚያልፈው። አንድ ቀን ማታ ከስራ ስመለስ ተሳቢ የሚጎትት መኪና ከጎኔ ሲያልፍ ነፋሱ ብቻ ወደ ቦዩ ገፋኝ፣ ክላክስ አላደረገም፣ ፍጥነትም አልቀነሰ። ሰውነቴ እየተንቀጠቀጠ ሳይክሉን እየገፋሁ ቤት ገባሁ፣ ባለቤቴ በቃ ይቅርብሽ አለኝ፣ እናቴም አለቀሰች። ትቼው ጥቂት ሰሞን በባጃጅ ስመላለስ ቆየሁና ደግሞ ተመለስኩ፣ በውስጥ ውስጥ መንገድ፣ በኮብልስቶኑ፣ ዞር ብዬ። ኮብልስቶኑ ያንቀረቅባል ግን መኪና አይሮጥበትም። እና እኔ የሰላሳዎቹ እድሜ ውስጥ ያለሁ ጤነኛ ሴት እንዲህ ከፈራሁ የአስራ ሶስት ዓመት ልጄን በዛ አስፋልት ላይ በሳይክል ትምህርት ቤት ሂድ ልለው ነው? አልለውም። ለዚህ ነው ቁጠባን የግለሰብ ጉዳይ ብቻ አድርጋችሁ አትጻፉብን የምለው።

ሳይክል መንገድ ይሰራልን ስንል ደግሞ ከሰማይ የወረደ አዲስ ጥያቄ አይደለም። የትራንስፖርት ሚኒስቴር ራሱ በ2012 ስለ እግረኛና ስለ ብስክሌት የአስር ዓመት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። አዲስ አበባ ከ2011 ጀምሮ "መንገድ ለሰው" እየተባለ መንገድ ለመኪና እየተዘጋ ሰው ሲሮጥበትና ሲጋልብበት አይተናል፣ በኮሪደር ልማቱም የሳይክል መስመር ተቀብቶ ተከልሎ ተሰርቷል። በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው ሜልቦርን ነው፣ በ1949፣ ያኔ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌት ነጂዎችም ይዛ ነው የሄደችው። ሳይክል ለኛ እንግዳ ነገር ነው የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ይሄን እነግረዋለሁ።

ሁለት ሜትር ስፋት ያህል ነው የምንለምነው። ያውም በየመንገዱ አላልኩም፣ ሰራተኛ የሚበዛበትን፣ ከሰፈሮቹ ወደ ፋብሪካዎቹ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው፣ ወደ ትምህርት ቤቶቹና ወደ ገበያው የሚወስደውን አስቀድሙልን። ቀለም ብቻ ተቀብቶ ከሆነ ደግሞ ጠቀሜታው ትንሽ ነው፣ በማግስቱ መኪና ይቆምበታል፣ ጠርዙ ላይ ከፍ ያለ ድንጋይ ይኑረው።

ማቆሚያውም እንደዛው ነው። አንድ መስሪያ ቤት ለጉዳይ ሄጄ ጥበቃው ሳይክል ይዞ መግባት አይቻልም አለኝ፣ ውጭ ላቁመው ስል ብትሰረቂ እኛ የለንበትም አለኝ፣ ግቢው ውስጥ ግን መኪኖች ተደርድረዋል። ልጁን አልወቅሰውም፣ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ግን አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ ላይ አስር ያህል ሳይክል ይቆማል። የሚፈልገው አንድ የታጠፈ የውሃ ቱቦ ብረት መሬት ላይ በሲሚንቶ ተተክሎ ሰንሰለት ማሰሪያ መሆን ነው፣ ማንኛውም በር የሚበይድ ልጅ በአንድ ከሰዓት ይሰራዋል። የኛ መስሪያ ቤት ጠይቀን ተሰርቶልናል፣ መጀመሪያ የኔ ብቻ ነበር የሚቆምበት፣ አሁን የመዝገብ ቤቱም ልጅ፣ የፋይናንሷም አሉበት። ብረቱ ከተተከለ ወዲያ ሰው መጣ።

አሁን ስለ ቆሻሻው፣ ከሳይክሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። በሳይክል ገበያ የሚሄድ ሰው ፌስታል አይመቸውም፣ መሪው ላይ ሲንጠለጠል ጎማው ውስጥ ይገባል፣ ይቀደዳል፣ ቲማቲሙ መንገድ ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ዘንቢል ከኋላ አሰርኩ፣ ለበርበሬና ለምስር ከቤት ጨርቅ ከረጢት ይዤ ነው የምሄደው፣ እናቴ ናት ከአሮጌ አቡጀዲ የሰፋችልኝ። ከዛ ሳላውቀው ቤታችን ውስጥ የፌስታል ክምር ጠፋ።

ፌስታል ላይ ህግ ወጥቷል እኮ፣ በ2017 ፓርላማው ያጸደቀው አዋጅ በፌስታል የሚጠቀም ሰው እንኳን ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ይላል። ከሱ በፊትም በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር በታች የሆነውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር፣ ያንን ህግ ስንቶቻችን ሰምተነው ነበር? ፌስታሉ ከዛ ወዲህ ነው የበዛው። ስለዚህ ህጉ መውጣቱ ደስ ብሎኛል ግን ብቻውን አላምነውም፣ ጉልት የምትሸጠዋ እናት ሽንኩርቱን በምን ትጠቅልለው? እሷን ከመቅጣት በፊት ገዢው እቃ መያዣ ይዞ እንዲመጣ ማስለመድ ይቀድማል። በየሱቁ ርካሽ የጨርቅ ከረጢት ይሸጥ፣ የሰፈር ሴቶች ይስፉት፣ ስራም ነው።

ባለፈው ፋሲካ የመንዝ በግ ነበር ያረድነው። እናቴ ጨጓራውን ገልብጣ ልታጥብ ስትል እጇ ላይ የተጠቀለለ ነገር መጣ፣ መጀመሪያ ሳር መሰለን፣ ውሃ አፍስሳ ስትዘረጋው ፌስታል ነው፣ ጥቁር ፌስታል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተጠማዞ እንደ ገመድ ጠንክሯል፣ ውስጡ ደግሞ የጠጅ ሳር የመሰለ ሰማያዊ ክር፣ የማዳበሪያ ክር ነው። በጉ ሲገዛ ከስቶ ነበር፣ ለካ ሆዱ የሞላው በዚህ ነው። "እኛው ጥለነው እኛው ልንበላው" አለች እናቴ። ልጆቼ ከዛ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ፌስታል ሲያዩ ያነሳሉ፣ እኔ ነግሬያቸው አይደለም። በበግ በሚኖር አገር፣ በጉን ሸጦ ማዳበሪያና የልጅ ደብተር በሚገዛ ገበሬ አጠገብ ፌስታል ንፋስ ላይ መልቀቅ የሰው ገንዘብ ማጥፋት ነው።

ሌላው እድር ነው። የኛ እድር ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ድስት፣ ሳህን፣ ብርጭቆ በሳጥን ተቆልፎ አለው። ይሄን እቃ እናቶቻችን በየወሩ መዋጮ ነው የገዙት፣ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ሃምሳ ሳህን እንዳይገዛ ብለው። አሁን አሁን ለቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም የሚጣል የፕላስቲክ ብርጭቆና ሃይላንድ ውሃ በካርቶን ካርቶን እየመጣ፣ በማግስቱ ግቢው ውስጥ ተዘርግቶ ይታያል፣ ከዛ ይቃጠላል፣ ጭሱ ሰፈሩን ሁሉ ያፍናል። ማጠብ ሰለቸን ነው ምክንያቱ። ሀዘንተኛው ወይ ደጋሹ ደግሞ በዛ ላይ ስንት ብር ያወጣል። እኔ ባለፈው የእድር ስብሰባ ላይ ተነስቼ ብርጭቋችን እያለ ለምን ብዬ ተናገርኩ፣ አንዳንዶቹ ደስ አላላቸውም፣ ሁለት ትልልቅ እናቶች ግን "እውነቷን ነው፣ እኛ እናጥባለን" አሉ፣ ከወጣቶቹም ማጠብ የተቀበሉ አሉ። እቃ ማጠቢያ ተራ ይውጣ ተብሎ ተስማማን።

የምግቡን ነገር ብዙ አልልም፣ የሸዋ ሴት እንጀራ ትጥላለች ብዬ አልገምትም፣ የተረፈው ፍርፍር ነው፣ ከዛ ያለፈው ድርቆሽ ነው፣ የጠላውና የአረቄው አተላ ለከብት ነው፣ አመዱም ስራ አለው። ቆራሌው ደግሞ ብረቱንና ጠርሙሱን ይወስዳል። ይሄ ሁሉ ያለ ነገር ነው፣ ከተሜነት ሲመጣ ያፈርንበት ካልሆነ በስተቀር።

የመንዝ ነገር ከተነሳ ጓሳን ሳላነሳ አላልፍም። የመንዝ ሰው የጓሳውን መሬት ለዘመናት ሲጠብቅ የኖረው ቄሮ በሚባለው ስርዓት ነው። ሳሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ማንም ገብቶ አያጭድም፣ ከብትም አይለቅም፣ ሳሩ ሲደርስ ቀን ይቆረጥና ለባለመብቶቹ ይከፈታል፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነውን ያጭዳሉ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ስርዓት ፈረሰ፣ ህዝቡ ግን በኋላ በአዲስ መልክ ጥበቃውን አደራጅቶ እስከ ዛሬ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዛ አለ። አንድ ገበሬ ለብቻው "እኔ ዘንድሮ አላጭድም" ቢል ኖሮ ጎረቤቱ ያጭደው ነበር፣ ሳሩም አይተርፍም ነበር። የተረፈው አብረው ስለወሰኑ ነው። እቁቡም እንደዛ ነው፣ እድሩም እንደዛ ነው፣ ለብቻ ቢሆን ማናችንም አንጠራቅምም ነበር። የሳይክል መንገዱንም የማየው በዚህ ዓይን ነው፣ አንድ ሰው ለብቻው ሊሰራው የማይችል፣ ከተሰራ ግን ብዙ ሺህ ቤት ውስጥ በየወሩ ብር የሚያስቀር ነገር።

ሴት አንባቢዎቻችሁን አንድ ነገር ልበላቸው። መንዳት የማትችሉ ካላችሁ ትልቅ ሰው ሆኖ መማር ይቻላል፣ እኔ የተማርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፣ እሁድ ጠዋት ከቤተክርስቲያን መልስ ሜዳ ላይ ባለቤቴ ከኋላ ይዞኝ። ወንበሩ ዝቅ ብሎ ሁለቱም እግር መሬት እንዲነካ አድርጉት፣ ፍራቻው በዛ ይቀንሳል። ሄልሜት ከተገኘ አድርጉ፣ ማታ የሚያበራ ነገር ከኋላ ይኑራችሁ።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ያለኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ጋዜጠኛ ልካችሁ የከተማ አስተዳደሩን ጠይቁልን፣ በደብረ ብርሃን እየተሰሩና ሊሰሩ በታቀዱት መንገዶች ላይ የሳይክል መስመር ዲዛይኑ ውስጥ አለ ወይ፣ ካለ የትኞቹ መንገዶች ላይ፣ ስፋቱ ስንት፣ ከሌለ ደግሞ ለምን። ፋብሪካዎቹንም ጠይቁልን፣ በሳይክል ለሚመጣ ሰራተኛ ማቆሚያ አላቸው ወይ፣ ሰራተኛው በወር በወር ከደሞዙ እየከፈለ ሳይክል የሚያገኝበትን መንገድ ለማመቻቸት ፈቃደኛ ናቸው ወይ። የሚሰጧችሁን መልስ እንዳለ አውጡልን፣ ደብረ ሲናም ሸዋ ሮቢትም ያሉ አንባቢዎች የራሳቸውን ከተማ እንዲጠይቁበት።

አክባሪያችሁ
አንባቢያችሁ ከጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን